ክራፍት ቢራ በቬትናም፦ ሕጉ የከፈተው በር፣ ታክሱ የሚያጠበው መንገድ

ጁን 14 ቀን 2025 የቬትናም ብሔራዊ ምክር ቤት አዲስ የታክስ ሕግ አጸደቀ። እስካሁን 65 በመቶ የነበረው የቢራ ልዩ የፍጆታ ታክስ በ2027 ወደ 70 በመቶ ከፍ ይላል። ከዚያ በየዓመቱ አምስት አምስት እየተጨመረበት በ2031 90 በመቶ ይደርሳል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ወሬው ሁሉ ስለ ትልልቆቹ ሆነ። ሄኒከን ምን ሊያደርግ ነው? ሳቤኮስ እንዴት ይቋቋመዋል? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ቬትናም በዓመት ወደ 4 ቢሊዮን ሊትር ቢራ ይጠጣባታል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ በዚህ የሚስተካከላት አገር የለም። ከገበያው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በአራት ኩባንያዎች እጅ ነው፤ በሄኒከን፣ በሳቤኮ፣ በካርልስበርግና በሃቤኮ።

እኔን ያሳሰቡኝ ግን ከእነዚህ አራቱ ሥር ያሉት ትንንሾቹ ናቸው። ባለፉት አሥር ዓመታት በሆ ቺ ሚን ከተማ፣ በሃኖይና በዳ ናንግ ትንንሽ ጠማቂዎች በዝተዋል። ቢራቸው ክራፍት ቢራ ይባላል። በአነስተኛ ጋን የሚጠመቅ፣ ባለቤትነቱ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጪ የሆነ፣ ጠማቂው በጣዕሙ ላይ እንደልቡ የሚሠራበት ቢራ ማለት ነው። በሊትር ሲሰላ ድርሻቸው ኢምንት ነው። በሥራ ፈጠራና በአገር ምርት አጠቃቀም ግን ከትልልቆቹ ያልታየ ነገር አሳይተዋል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ስለ ክራፍት ቢራ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ጣዕምና የወጣቱ ፋሽን ነው። እኔ እንደማየው አንድ አገር ውስጥ ክራፍት ቢራ መኖሩን ወይም አለመኖሩን የሚወስነው ሕግ ነው። ማን መጥመቅ ይችላል? ስንት ብር ይዞ? ስንት ታክስ ከፍሎ? ቬትናም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ነበራት። በሦስተኛው ላይ ግን እየተሳሳተች ይመስለኛል።

የመንገድ ዳር ቢራ

ቬትናም ውስጥ ቢራ የገባው በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን ነው። በ1875 ቪክቶር ላሩ የተባለ ፈረንሳዊ ሳይጎን (የዛሬዋ ሆ ቺ ሚን ከተማ) ውስጥ ትንሽ ቢራ መጥመቂያ ከፈተ። ዛሬ ሳቤኮ የትውልድ ዘመኑን የሚቆጥረው ከዚያ ነው። በ1890 ደግሞ ሆሜል የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ሃኖይ ውስጥ ፋብሪካ አቋቋመ። የዛሬው ሃቤኮ መነሻው ይኸው ነው።

የላሩ ሥራ አድጎ የኢንዶቺና የቢራና የበረዶ ፋብሪካዎች ኩባንያ ሆነ። በፈረንሳይኛ ምህጻሩ ቢጂአይ ነው። አዎ፣ እኛ የምናውቀው ቢጂአይ። ኩባንያው ፈረንሳዮች ከኢንዶቺና ሲወጡ ምህጻሩን ይዞ ወደ አፍሪካ አተኮረ። በ1990 ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ቡድን ገዛው። በ1998 ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ገዝቶ አዲስ አበባ ገባ። ሳይጎን ውስጥ የተዘራ ዘር ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በቅሏል ማለት ይቻላል። የቬትናምን የቢራ ነገር ስከታተል የሩቅ ሰዎች ወሬ ሆኖ የማይሰማኝ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለክራፍት ቢራው መሬቱን ያለሰለሰው ግን ፋብሪካው ሳይሆን ቢያ ሆይ ነው። ቢያ ሆይ በየቀኑ ተጠምቆ በዕለቱ የሚጠጣ ቀላል ድራፍት ነው። አልኮሉ ከ3 እስከ 4 በመቶ ቢሆን ነው። በሙቀት አይታከምም፣ ለማቆያ የሚጨመርበት ነገር የለም። ጠዋት በበርሜል ይመጣል፤ ማታ ያልቃል። ያላለቀው ለነገ አይሆንም። ጠላ ቤት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ደንበኛው የሚመጣው ዛሬ ትኩስ መሆኑን አምኖ ነው።

ሃኖይ ውስጥ በተለይ በአሮጌው ሰፈር፣ ታ ሂየን የሚባለው ጎዳና ላይ፣ ምሽት ሲሆን ትንንሽ የፕላስቲክ መቀመጫዎች አስፋልቱን ይሞሉታል። ለውዝ ይቀርባል፤ የተጠበሰ ቶፉ፣ የደረቀ ስኩዊድ ይቀርባል። ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ ጡረተኛውም፣ ቱሪስቱም እኩል ይቀመጣል። ብርጭቆው ራሱ ታሪክ አለው። ከተሰበረ ጠርሙስ እየቀለጠ በእጅ የሚሠራ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ውስጡ የአየር አረፋ የሚታይበት ወፍራም ብርጭቆ ነው። በ1970ዎቹ፣ አገሪቱ ከጦርነት ወጥታ ሁሉም ነገር በራሽን በሚታደልበት ዘመን የተቀረጸ ነው። እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ዋጋው እንደ ቦታው ቢለያይም አንድ ብርጭቆ ቢያ ሆይ 10,000 ወይም 15,000 ዶንግ አካባቢ ነው። ከአንድ የአሜሪካ ዶላር በታች መሆኑ ነው።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ክራፍት ቢራ ጠማቂ በሌላ አገር መጀመሪያ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ቢራ ትኩስ ሲጠጣ ይለያል፣ ከፋብሪካ ጠርሙስ ውጪም ቢራ አለ፣ እዚህ ሰፈር የተጠመቀ ሊጠጣ ይችላል እያለ ነው የሚጀምረው። የሃኖይ ሰው ይህን ከአባቱ ሰምቶታል። ትምህርቱን ጨርሶ ነው ክራፍት ጠማቂዎቹን የጠበቃቸው።

ሞገዱ እንዴት ተነሳ

በ1986 ቬትናም ዶይ ሞይ የሚባለውን የኢኮኖሚ ማሻሻያ ጀመረች። የግል ንግድ ተፈቀደ። በ2007 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች፤ የውጭ ባለሀብትም በብዙ ዘርፍ መግባት ቻለ። በሶሻሊዝሙ ዘመን ለትምህርትና ለሥራ ቼኮዝሎቫኪያና ምሥራቅ ጀርመን ሄደው የነበሩ ቬትናሞች ብዙ ነበሩ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ተመልሰው የቼክና የጀርመን ዓይነት ትልልቅ ቢራ ቤቶች ከፈቱ። ጋኑ አዳራሹ ውስጥ ይታያል። ምርጫው ሁለት ነው፤ ጥቁርና ቢጫ። ሆ ቺ ሚን ከተማ ውስጥ ሆዋ ቪየን የሚባለው ቤት በዚህ የታወቀ ነው።

ዛሬ ክራፍት ቢራ የሚባለው ሞገድ ግን የመጣው በ2014 እና በ2015 ነው። በጣም የሚጠቀሰው ስም ፓስተር ስትሪት ነው። በሆ ቺ ሚን ከተማ መሐል፣ ፓስተር ጎዳና ላይ፣ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ደረጃ ተወጥቶ በሚደረስበት ትንሽ ክፍል ጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ አሌክስ ቫዮሌት አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ በክራፍት ቢራ ጠማቂነት የሠራ ሰው ነው። ብቅሉና ሆፕሱ (የቢራው ጌሾ በሉት) ከውጭ መምጣቱ ግድ ነበር። የቀረውን ከቬትናም ገበያ ፈለጉት። አይፒኤ የሚባለውን መራራ ቢራ በጃስሚን አበባ ሠሩት። የስንዴውን ቢራ በፓሽን ፍሩት አለሳለሱት። የቬትናምን ካካዎ ከቀረፋ ጋር አድርገው ጠንካራ ጥቁር ቢራ ጠመቁ። ይህ ሳይክሎ የተባለው የቸኮሌት ስታውት በ2016 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደው የዓለም ቢራ ዋንጫ በቸኮሌት ቢራ ዘርፍ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ቤት ነው።

ሌሎቹ ተከተሉ። ሃኖይ ውስጥ አንድ ዴንማርካዊ የጀመረው ፈርብሩ የፎ ቢራ ጠመቀ። ፎ ቬትናሞች ጠዋት ጠዋት የሚበሉት የሾርባ ፓስታ ነው። ቀረፋው፣ ኮከብ አኒሱ፣ ኮረሪማ መሳዩ ቅመም ሁሉ ቢራው ውስጥ ገባ። በ2017 ኢስት ዌስት የተባለው ቤት ሆ ቺ ሚን ከተማ ውስጥ ሙሉ መጥመቂያውን ከመጠጫ አዳራሹ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ከፈተ። መሥራቹ ቬትናማዊ አሜሪካዊ ነው። ዳ ናንግ ላይ ሰባቱ ድልድዮች የሚል ስም ያለው ቤት ተነሳ፤ ስሙን የወሰደው ከከተማዋ ድልድዮች ነው።

አንድ ትችት አለ፤ እውነትም አለው። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጠጪዎችም እንዲሁ። ገንዘቡ፣ ዕውቀቱ፣ የውጭ ግንኙነቱ የነበራቸው እነሱ ናቸው። ነገር ግን ሙያ አንድ ቦታ አይቆምም። ጋን አጣቢ ሆኖ የገባ ወጣት ከዓመታት በኋላ የእርሾ ጠባይ ያውቃል። ውሃው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ዛሬ በየቤቱ ጠማቂ ሆነው የሚሠሩ፣ የራሳቸውን ስም ይዘው የወጡ ቬትናሞች አሉ። ጋን የሌለው ጀማሪ ደግሞ ጋን ያለው ቤት ሄዶ በኪራይ ያስጠምቃል። የምግብ ዝግጅቱ የራሱ ነው፤ ብረቱ የሌላ ሰው ነው። እኔ ለአንድ አዳጊ አገር ትልቁ ትርፍ ይህ ነው ባይ ነኝ። ሜዳሊያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሙያው ግን ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል።

ታይላንድ ያደረገችው

ሕግ ነው ወሳኙ ያልኩበትን ምክንያት ለማየት ትንሽ ወደ ምዕራብ መሄድ ይበቃል። ታይላንድ ከቬትናም ሀብታም ናት። ቱሪስቷም ብዙ ነው። ቢራ የሚወድ ወጣት ሞልቷታል። በጣዕምና በገቢ ቢሆን ኖሮ ክራፍት ቢራ መጀመሪያ ማበብ የነበረበት ባንኮክ ነበር።

አላበበም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የታይላንድ ደንብ ቢራ ለመጥመቅ 10 ሚሊዮን ባት የተከፈለ ካፒታል ይጠይቅ ነበር። በጠመቁበት ቤት ብቻ ለመሸጥ እንኳ በዓመት ቢያንስ 100,000 ሊትር ማምረት ግድ ነበር። ጠርሙስ ሞልቶ ገበያ ላይ ለማውጣት ደግሞ በዓመት ቢያንስ 10 ሚሊዮን ሊትር። ትንሽ ሆኖ መጀመር በሕግ የተከለከለ ነበር ማለት ነው። ገበያው ለሁለት ቤተሰቦች ኩባንያዎች ቀረ፤ ለሲንጋ ቢራ ባለቤቶችና ለቻንግ ቢራ ባለቤቶች።

የታይላንድ ጠማቂዎች ምን አደረጉ? ካምቦዲያ፣ ቬትናም፣ ታይዋን፣ አውስትራሊያ ድረስ ሄደው ጠመቁ። ከዚያ የገዛ ቢራቸውን የውጭ ዕቃ አድርገው፣ ቀረጥ ከፍለው ወደ አገራቸው አስገቡ። አንዳንዱ ከድንበሩ ማዶ ካምቦዲያ ኮ ኮንግ ላይ መጥመቂያ ተከለ። ሥራው፣ ታክሱ፣ ሙያው ጎረቤት አገር ቀረ።

በጃንዋሪ 2017 ታኦፒፖፕ ሊምጂትራኮርን የሚባል ወጣት ባንኮክ ውስጥ ቤቱ ቢራ ጠምቆ በመሸጡ ታሰረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ታይ ቤቭሬጅ፣ የቻንግ ባለቤት፣ የቬትናሙን ሳቤኮ 53.59 በመቶ ድርሻ በ4.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ሁለቱን ክስተቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ብዙ ነገር ይገባኛል። በአገር ውስጥ ከፉክክር የተጠበቀ ኩባንያ ጎረቤት አገር ሄዶ ትልቁን የቢራ ኩባንያ የመግዛት አቅም አካበተ። ቤቱ የጠመቀው ልጅ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ገባ።

ታኦፒፖፕ ዝም አላለም። በ2019 ፓርላማ ገባ። ትንሽ ጠማቂ እንዲፈቀድለት የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ ይዞ ተከራከረ። በኖቬምበር 2022 ረቂቁ በ2 ድምፅ ልዩነት ወደቀ። መንግሥት ግን ከድምፁ ዋዜማ የካፒታሉንና የመጠኑን ግድግዳ የሚያላላ ደንብ አወጣ። ሰውዬው የተሸነፈ ቢመስልም በሩ ተከፍቷል።

ቬትናም እንዲህ ዓይነት ግድግዳ አልነበራትም። ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የምግብ ደህንነት ምርመራ አለ፤ ወረቀቱ ያደክማል። ግን 10 ሚሊዮን ሊትር ካልጠመቅህ አትጀምር የሚል የለም። በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ትንሽ ክፍል ተከራይቶ መጀመር ተቻለ። ያ ብቻ በቂ ሆነ።

ኪሱና ሙቀቱ

አሁን ወደ ችግሮቹ ልምጣ። የመጀመሪያው ዋጋ ነው። አንድ ብርጭቆ ክራፍት ቢራ ሆ ቺ ሚን ከተማ ውስጥ 100,000 ዶንግ አካባቢ ነው። እንደ ቤቱና እንደ ቢራው ዓይነት ይቀንሳል፣ ይጨምራል። በዚያ ዋጋ ሰባት፣ ስምንት ብርጭቆ ቢያ ሆይ ይጠጣል። የአንድ ቬትናማዊ ሠራተኛ አማካይ የወር ገቢ ወደ 8 ሚሊዮን ዶንግ ይጠጋል። ስለዚህ ክራፍት ቢራ ለብዙኃኑ የልደት ወይም የደመወዝ ቀን ነገር ነው። ደንበኛው የባንክ ሠራተኛው፣ የሶፍትዌር ባለሙያው፣ የውጭ ኩባንያ ተቀጣሪውና ቱሪስቱ ነው። ይህ መደብ እያደገ ነው፤ ቢሆንም በ100 ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ ጥቂት ነው።

ዋጋው የናረው ባለቤቶቹ ስግብግብ ስለሆኑ አይደለም። ቬትናም ውስጥ የቢራ ገብስ በሚረባ መጠን አይበቅልም፤ ሙቀቱ አይስማማውም። ሆፕስም ረጅም የበጋ ቀንና ቀዝቃዛ ክረምት የሚፈልግ ተክል ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ፣ ከጀርመን ወይም ከኒውዚላንድ በአውሮፕላን አለዚያም በመርከብ ይመጣል። ትልልቆቹ በብዛት ስለሚገዙ ይረክስላቸዋል። ከብቅሉ ከፊሉንም በሩዝ ይተኩታል። ትንሹ ጠማቂ ግን ለአንድ ሊትር ብዙ ብቅልና ብዙ ሆፕስ ይጨምራል፤ የሚገዛውም በጥቂቱ ነው።

ከዚያ ቅዝቃዜው አለ። ክራፍት ቢራ በአብዛኛው በሙቀት ያልታከመ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሳይጎን ዓመቱን ሙሉ ከ30 ዲግሪ የማይወርድ ቀን ያላት ከተማ ናት። በርሜሉ ከመጥመቂያው እስከ መጠጥ ቤቱ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት። በመሐል መብራት ቢጠፋ፣ ሾፌሩ ምሳ ልብላ ብሎ መኪናውን ፀሐይ ላይ ቢያቆም፣ ቢራው ጣዕሙን ይቀይራል። ቢያ ሆይ ይህን ችግር የፈታው በዕለቱ በመጠጣት ነው። ክራፍት ቢራ ግን ለሳምንታት መቆየት አለበት፤ ከሆ ቺ ሚን ከተማ እስከ ሃኖይ ደግሞ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የማቀዝቀዣ መኪናው ወጪ ብርጭቆው ላይ ይጨመራል።

ሌላም አለ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለምግብ ቤቱ ፍሪጅ ይሰጣሉ፣ ጃንጥላ ይሰጣሉ፣ ወንበር ይሰጣሉ፣ የማስታወቂያ ገንዘብ ይከፍላሉ። በምላሹ የእኛን ብቻ ሽጥ ይላሉ። ይህ አሠራር ለኛ አገር አንባቢም እንግዳ አይደለም። ትንሹ ጠማቂ በዚህ መፎካከር አይችልም። ለዚህ ነው አብዛኞቹ የራሳቸውን መሸጫ ቤት የከፈቱት።

ዜሮ

በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ሁለት ነገሮች በአንድ ቀን ሥራ ላይ ዋሉ። አንደኛው የአልኮል ጉዳት መከላከያ ሕግ ነው። ሁለተኛው ድንጋጌ ቁጥር 100 ነው። መልእክቱ አጭር ነው፤ ጠጥተህ አትንዳ፣ አንድ ብርጭቆም ቢሆን። የሚፈቀደው የአልኮል መጠን ዜሮ ነው። ለሞተር ሳይክል ነጂ ከፍተኛው ቅጣት ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ዶንግ ሆነ፤ የአንድ ወር ደመወዝ ማለት ነው። መንጃ ፈቃዱም ለሁለት ዓመት ገደማ ይታገዳል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከፍተኛው ቅጣት ከ8 እስከ 10 ሚሊዮን ደርሷል።

ቬትናም ከ70 ሚሊዮን በላይ ሞተር ሳይክል የተመዘገበባት አገር ናት። ሰው ወደ ሥራም፣ ወደ ሰርግም፣ ወደ ቢራም የሚሄደው በሞተር ነው። ፖሊስ መንገድ ላይ በትንፋሽ አልኮል የሚለካ መሣሪያ ይዞ ሲቆም የመጠጥ ቤቶች ወንበር ባዶ ሆነ። ከዚያ ኮቪድ መጣ። የሳቤኮ የ2020 ገቢ ከቀዳሚው ዓመት ሩብ ያህል ወረደ። በ2021 አጋማሽ ሆ ቺ ሚን ከተማ ለወራት ተዘጋች፤ ከቤት መውጣት ራሱ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። በ2024 ሄኒከን ኳንግ ናም የሚገኘውን ፋብሪካውን ሥራ አቆመ።

ሕጉን እደግፈዋለሁ። በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው ብዛት፣ ከዚያም ውስጥ የመጠጥ ድርሻ፣ ለማንም አገር ቀልድ አይደለም። ቢራ ለመሸጥ ሲባል ሰው መሞት የለበትም። ለክራፍት ቢራ የሚቆረቆር ሰው ይህን ቀድሞ ካላመነ የሚሰማው አይኖርም። ደግሞም ሕጉ ክራፍት ቤቶችን ከጎዳው ይልቅ ትልልቆቹን የጎዳ ይመስለኛል። ክራፍት ደንበኛ በአንድ ምሽት ሁለት ብርጭቆ ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ በግራብ (በስልክ በሚጠራ ታክሲ) ተሳፍሮ ይሄዳል። አሥር ጣሳ በበረዶ እየቀዘቀዘ፣ በየዙሩ መቶ በመቶ ጨርሱ እየተባለ በሚጠጣበት ገበታ ላይ የቆመው ንግድ ነው ይበልጥ የተናጋው።

ስሌቱ የት ላይ ይሳሳታል

ታክሱ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል።

የቬትናም የቢራ ታክስ የሚሰላው በዋጋ ላይ ነው። በሊትር አይደለም፤ በአልኮል መጠንም አይደለም። ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የመረጥኳቸው ናቸው። የአንድ ትልቅ ፋብሪካ ጣሳ ከታክስ በፊት 8,000 ዶንግ ነው እንበል። በ65 በመቶ ታክሱ 5,200 ዶንግ ይሆናል፤ በ90 በመቶ 7,200። ጭማሪው 2,000 ዶንግ ነው። የትንሹ ጠማቂ ጣሳ ደግሞ ከታክስ በፊት 30,000 ዶንግ ነው እንበል። በ65 በመቶ ታክሱ 19,500፤ በ90 በመቶ 27,000 ይሆናል። ጭማሪው 7,500 ዶንግ ነው። ሁለቱ ጣሳዎች እኩል ቢራ ይዘዋል። አልኮላቸውም እኩል ሊሆን ይችላል። ትንሹ ጠማቂ ግን ለአንዱ ጣሳ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ታክስ ይከፍላል።

ለምን? ቢራው ውድ ስለሆነ ነው። ለምን ውድ ሆነ? ሆፕሱን በጥቂቱ ስለገዛ፣ በርሜሉን ስላቀዘቀዘ፣ ለአንድ ጋን ብዙ ሠራተኛ ስለቀጠረ ነው። እንግዲህ ታክሱ ያረፈው በትንሽነቱ ላይ ነው። መንግሥት አልኮልን ለመቀነስ ብሎ ያወጣው ሕግ ብዙ አልኮል በርካሽ ለሚሸጠው ቀሎ፣ ጥቂት አልኮል በውድ ለሚሸጠው ከበደ።

የታክሱ ዓላማ ጤና ነው ተብሏል። ከልብ ከሆነ ስሌቱን በአልኮሉ መጠን ላይ ማድረግ ይሻላል። ብዙ አልኮል ያለበት ብዙ ይክፈል። ያኔ የርካሹ ጠንካራ መጠጥ ዋጋ ይጨምራል፤ ሰውን የሚጎዳውም እሱ ነው። 4 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ ማንም ይጥመቀው እኩል ይከፈልበታል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ብዙ አገሮች ሞክረውታል። የአውሮፓ ኅብረት ከ1992 ጀምሮ በዓመት ከ200,000 ሄክቶሊትር በታች ለሚያመርቱ ነጻ ጠማቂዎች አባል አገሮች የቢራ ታክሱን እስከ ግማሽ እንዲቀንሱላቸው ይፈቅዳል። 200,000 ሄክቶሊትር 20 ሚሊዮን ሊትር ነው። አሜሪካም ለትንንሽ ጠማቂዎች የመጀመሪያዎቹን 60,000 በርሜሎች በዝቅተኛ ታክስ ታስተናግዳለች። አሜሪካ በ1970ዎቹ መጨረሻ የነበሯት ቢራ ጠማቂዎች መቶ አይሞሉም ነበር። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር ቤት ውስጥ ለራስ መጥመቅን የሚፈቅድ ሕግ ፈረሙ። የትንሹ ጠማቂ ታክስም ዝቅ ተደርጎ ቆየ። ዛሬ ከ9,000 በላይ ጠማቂዎች አሉ። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያለ ሐበሻ በየሰፈሩ የሚያያቸው ትንንሽ ቢራ ቤቶች የዚያ ሕግ ልጆች ናቸው።

ቬትናም ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቅናሽ አለመኖሩ ነው የሚቆጨኝ። ከትንንሾቹ የሚሰበሰበው ታክስ ለመንግሥት ካዝና ከባህር ጠብታ ነው። ቢቀነስላቸው በጀቱ አይጎድልም። ቢጨመርባቸው ግን በሩን ዘግተው የሚሄዱ ይኖራሉ። መጀመሪያ የሚሄደው ማን እንደሆነም መገመት ይቻላል፤ የውጭ ገንዘብ ያለው ይቋቋማል። ሲንጋፖርና ሆንግ ኮንግ የሚልክ ይቋቋማል፤ ወደ ውጭ የሚላክ ቢራ ይህ ታክስ አይከፈልበትም። የሚወድቀው በኪራይ ጋን የሚያስጠምቀው፣ ገና በራሱ ስም መሥራት የጀመረው ቬትናማዊ ነው። ክራፍት ቢራ የፈረንጅ ነገር ነው የሚለው ትችት ያን ጊዜ እውነት ሆኖ ያርፈዋል።

ጠማቂዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አንዳንዶቹ ቀለል ያለ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ለሙቀቱ የሚስማማ፣ «ላገር» የሚባለውን የቢራ ዓይነት ወደ መጥመቅ ገብተዋል። አልኮል የሌለው ወይም ያነሰው ቢራም እየተሞከረ ነው፤ የዜሮው ሕግ ያመጣው ገበያ ነው። ሩዝን ደግሞ እንደ ርካሽ መተኪያ ሳይሆን እንደ ራሱ ጣዕም የሚጠቀሙበት አሉ። የሩዝ አገር ጠማቂ ሩዝን ቢያውቅበት ከብቅሉ ወጪ ከፊሉ ይቀልለታል፤ ገበሬውም ተጠቃሚ ነው።

የታክስ ሕጉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የሚጸና ሲሆን የቢራው የመጀመሪያ ጭማሪ የሚመጣው በ2027 ነው። ትንንሾቹ ተደራጅተው ለገንዘብ ሚኒስቴር ሊያቀርቡት የሚገባው ጥያቄ ከባድ አይደለም፤ በዓመት የሚያመርቱትን ሊትር መሠረት ያደረገ ዝቅተኛ እርከን። ቁጥሩ ከአውሮፓው በብዙ ቢያንስም ይበቃቸዋል።